‹‹አስተምረዋለሁ›› ብሎ የወሰደውን ማን ይጠይቀዋል?

መስከረም አጋማሽ ላይ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚገቡ አውቶቡሶች ጢም ብለው ይመጣሉ። ጊፋታ ደርሷል፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔ ጫማ ሲጠርጉ፣ ሎተሪ ሲያዞሩ፣ ሸክም ሲሸከሙ የከረሙ ልጆች አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ ለእናት ሻርፕ፣ ለታናሽ ቲሸርት ሸክፈው አገር ቤት ይገባሉ። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ አውቶቡሶቹ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ከመጡት ሌላ ሳይመጡ የሚሄዱም ይሳፈራሉ። የጎረቤቱን ልጅ ጫማ አይቶ ልቡ የሸፈተ የ11 ዓመት ልጅ፤ ‹‹እኔ ዘንድ ሆኖ ይማራል›› ተብሎ ለአጎት ወይም ለአጎት ወዳጅ የተሰጠ ልጅ፤ ከእንጀራ አባቱ ተጣልቶ ጎህ ሳይቀድ ከቤት የወጣ ልጅ። ከእነዚህ መካከል በዓመቱ የሚመለስ አለ። የማይመለስ፣ ስልክም የማይደውል፣ ደብዛው የሚጠፋም አለ።

ልጆቹን የሚገፋቸው ነገር የተሰወረ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይታ ዞን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 350 ሰው ግድም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይካሄድም ቁጥሩ እንዳልቀነሰ የሚጠራጠር የለም። ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ እንሰት፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ ተክሎ ስድስት ሰባት ነፍስ የሚያሳድር ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አንዱን ልጅ ለተሻለ ዘመድ መስጠት ጭካኔ አይደለም፤ ወላጅ ለልጁ ያሰበበት ውሳኔ ነው። ‹‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል›› ይባላል። አባባሉ ወላጅን ያጽናናል፤ ልጁን የተረከበው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

ስለ ጠፉ ልጆች ወሬ ሲነሳ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ደላላ ላይ ነው። ደላላው በእርግጥ አለ፤ በሰው መነገድን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178ም ከባድ ቅጣት ደንግጎበታል። ይሁንና ልጆች ከቤት የሚወጡት በማያውቁት ሰው እጅ ብቻ አይደለም። የአክስት ባል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ወዳጅ፣ ከተማ ገብታ ሻይ ቤት የከፈተች የመንደር ልጅም ልጅ ይወስዳሉ። ‹‹አስተምረዋለሁ›› ያለ ሰው ምግቡን፣ ሕክምናውን፣ ደብተሩን፣ ተግሣጹን፣ ሁሉንም ተረክቧል። በባለሙያዎቹ አነጋገር የአደራ ቤተሰብ ሆኗል ማለት ነው። ልዩነቱ ማንም ያልመዘነው፣ ማንም ያልመዘገበውና ማንም የማይጎበኘው አደራ ቤተሰብ መሆኑ ነው።

ቃሉን የሚጠብቀው ብዙ ነው። ዘመድ ቤት ተጠግቶ ተምሮ ዛሬ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳኛ የሆነ የወላይታ ልጅ ጥቂት አይደለም፤ ያሳደጉትም ክብር ይገባቸዋል። ቃሉን ያላከበረው ቤት ደግሞ እንዲህ ነው፦ ትምህርቱ ‹‹ለሚቀጥለው ዓመት›› ይተላለፋል፤ ልጁ ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃን ያዝላል፣ ሱቅ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። እዚህ ቤት ግን የተቀጠረ የለም፤ ‹‹የወንድሜ ልጅ ነው›› ከተባለ ፖሊስም ጎረቤትም አፉን ይይዛል። ልጁ አንድ ቀን ሲመረው ከዚያ ቤት ይወጣል። ወደ አገሩ እንዳይመለስ መንገዱን አያውቅም፤ ቢያውቅም ባዶ እጁን መግባት ያፍራል። አሳዳጊው ለወላጆቹ የሚደውለው ዘግይቶ ነው፤ ጭራሽ የማይደውልም አለ።

አገሪቱ አሳዳጊ የሚመዘንበት ሥርዓት የላትም እንዳይባል አላት። በወቅቱ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2001 ዓ.ም. የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤን፣ የማሳደጊያ ተቋማትን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ አደራ ቤተሰብንና ጉዲፈቻን በየተራ ይዟል። አደራ ቤተሰብ የሚሆን ሰው እንዲጣራ፣ ቤቱ እንዲጎበኝ፣ ከዚያም ክትትል እንዲደረግበት ይፈልጋል። መመሪያው ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን በበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም በመንግሥት ማኅበራዊ ሠራተኛ እጅ ባለፉ ልጆች ላይ ነው፤ ቁጥራቸው በዘመድና በወዳጅ ቤት ካሉት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ወላይታ በወረቀት የተመዘነ አሳዳጊ ምን ያህል ዋስትና እንደሚሆን በውድ ዋጋ የተማረ አካባቢ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሶዶ በውጭ አገር ጉዲፈቻ ልጆች ከሚወጡባቸው ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ነበረች። በ2002 ዓ.ም. ግድም በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ከተማዋ ውስጥ ማሳደጊያዎች ተከፈቱ፤ የድርጅት መኪኖች ወደ ገጠር ቀበሌዎች ወጡ ወረዱ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ፊት ‹‹ፈቅጃለሁ›› አሉ።

የፈቀዱት ምን ነበር? የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 በጉዲፈቻ የሄደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይናገራል። በአገሩ ልማድም ልጅ ሌላ ቤት አደገ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ለበዓል ይመጣል፣ ሲያድግ ይጦራል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ የወላጅን መብት ከሥሩ ይቆርጣል። አንዱ ወገን ልጄ ተምሮ ይመለሳል ብሎ ሲፈርም ሌላው ወገን ልጁ የእኔ ብቻ ሆነ ብሎ ተረከበ። ኢትዮጵያ ጉዲፈቻ አድራጊዎቹ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት እንዲልኩ ታስገድድ ነበር። ሪፖርቱ የሚገባው ግን አዲስ አበባ ነው። ዳሞት ጋሌ ወይም ቦሎሶ ሶሬ ያለች እናት የልጇን ፎቶግራፍ ለማየት ማንን ትጠይቅ? ያስፈረማት ድርጅት ተዘግቶ የቢሮው በር ላይ ሌላ ታፔላ ከተሰቀለ ወዲያ እንዲህ ያለችው እናት ልጅ ከጠፋባት እናት በምን ትለያለች?

የወረቀቱ ድክመት በዚህ አላበቃም። ሐና በሚል ስም የምትታወቀው ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በ2000 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ለሚኖሩ ሰባት ልጆች ለወለዱ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ተሰጠች። ቤታቸው ተጎብኝቷል፣ ገቢያቸው ታይቷል፣ ብቁ ናችሁ ተብለዋል። ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ሐና ምግብ እየተነፈጋት ከስታ፣ በብርዳማ ሌሊት ከቤት ውጭ ሞታ ተገኘች። አሳዳጊዎቿ ተፈርዶባቸው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሴትዮዋ 37 ዓመት ገደማ፣ ሰውዬው 28 ዓመት ገደማ እስራት ተወሰነባቸው። በችሎቱ ሂደት አንድ ነገር የኢትዮጵያውያንን ልብ ሊሰብር ይገባ ነበር፦ አንዱ ክስ ሟቿ ከ16 ዓመት በታች መሆኗን ማስረዳት ይጠይቅ ስለነበር፣ አስተማማኝ የልደት ማስረጃም ስላልነበራት፣ ዕድሜዋን ለመገመት አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷና አጥንቷ ተመረመረ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ያልተመዘገበ ልጅ ሲጠፋ ፖሊስ የሚይዘው መረጃ የእናት ትዝታ ብቻ ነው።

መንግሥት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን የሚያየውን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ የተባለ ድርጅት ሠራተኞች ሐሰተኛ የጉዲፈቻ ሰነድ በማቅረብ አሜሪካ ውስጥ ተከሰሱ፤ ማሳደጊያዎች ያላሳደጓቸውን ልጆች እንደራሳቸው አድርገው ፈርመው የሰጡበት ሰነድም የክሱ አካል ነበር። በመጨረሻ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ግን ‹‹ይህ ሰው የሰው ልጅ ለማሳደግ ይበቃል ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ አልመለሰውም፤ ከአሜሪካ ሳሎን ወደ ሶዶና ወደ አዲስ አበባ ግቢ አዛወረው እንጂ።

አሁን ልጅ ጠፍቶባቸው አገር ቤት ስለቀሩት ቤተሰቦች ይነገር።

ልጅ ከጠፋ በኋላ ባሉት ሳምንታት አባት ጥጃ ወይም ፍየል ሸጦ አውቶቡስ ይሳፈራል። አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሩ ልጆች ቤት እያደረ፣ ከመርካቶ እስከ አየር ጤና ሊስትሮዎችን እየጠየቀ ይዞራል፤ ፎቶግራፍ ካለው ያሳያል፣ ከሌለው በቃል ይገልጻል፦ ‹‹ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ ሲናገር ይኮላተፋል።›› ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ ይበላል። በ‹‹አፋልጉኝ›› ወረቀት ላይ የተጻፈው ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ደዋይ ‹‹ልጁ እኔ ዘንድ ነው፣ የመሳፈሪያ ላክልኝ›› ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን ያጠፋል። እናት ‹‹እንዴት ዝም ብለሽ ላክሽው?›› ትባላለች፤ እንጀራ እናት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ከወቀሳ አልፎ ክስ ይሆናል። ባልና ሚስት ይወነጃጀላሉ። ታላቅ እህት ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

የዚህ ሐዘን ልዩ ክፋት ማለቂያ አለማግኘቱ ነው። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ሥነ ልቦና ምሁር ፖሊን ቦስ የሞተ እንደሆነ ወይም ያለ እንደሆነ ሳይታወቅ የተለየን ሰው ማጣት ቤተሰብን ከሞት በከፋ ሁኔታ እንደሚያነክተው ከ50 ዓመት በላይ አጥንታለች። የወላይታ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ሰው ሲሞት መንደሩ ይወጣል፣ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ለቀስተኛ ቀናት ይቀመጣል። ልጅ ሲጠፋ ይህ ሁሉ የለም። እርም አይወጣም፤ እርም ማውጣት ልጁን መግደል ይመስላል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የሚያውቀው ሞትን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 154 ወሬው ለሁለት ዓመት ያልተሰማ ሰው ‹‹ጠፍቷል›› ተብሎ እንዲወሰን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይፈቅዳል፤ ያ ግን ለንብረትና ለጋብቻ ጉዳይ እንጂ ለአሥር ዓመት ልጅ እናት የሚያደርግላት ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያን ይጸልይላታል፤ በወላይታ የቃለ ሕይወት ምዕመናን ቤት ለቤት ሄደው ከእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ጋር መቀመጥ ያውቁበታል። በመንግሥት በኩል ግን ከፖሊስ ማመልከቻ በኋላ የቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ባለሙያው በሩን የሚያንኳኳው ልጁ ከተገኘ ነው። ከአዲስ አበባ ጎዳና ወይም ከመጠለያ የተገኘ ልጅ ሊመለስ ሲል ማኅበራዊ ሠራተኛ መጥቶ ቤቱን ያያል፦ ጣሪያው፣ መኝታው፣ ገቢው፣ የልጆች ብዛት። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ድህነትን ይለካል፤ ልጁ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ የተሰበረውን አይለካም። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ ለመለየትም ሆነ ወደ ወላጁ እንዳይመለስ ለማገድ ምክንያት መሆን እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። ይህ መርህ በሶዶ ዙሪያ ቢሠራ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባልና ሚስቱ አሁን እንዴት ናቸው፣ ልጁን ሲያዩት የሚቆጡት ነው ወይስ የሚያቅፉት፣ ለፍለጋ የሸጡትን ከብት ማን ይተካላቸዋል የሚለው ይሆን ነበር። አንድ በግና የደብተር ዋጋ ሰጥቶ ፎቶግራፍ አንስቶ መሄድ ልጁን ለሚቀጥለው ጊፋታ አውቶቡስ ማዘጋጀት ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ልጅ ከአደራ ቤተሰብ ቤት ቢጠፋ፣ ያ ቤተሰብ ሌላ ልጅ ሊሰጠው ይገባል?

የብዙ ሰው የመጀመሪያ መልስ ‹‹በፍጹም›› ነው። ልጅ በደል ሳይደርስበት ለምን ይጠፋል? ይህ መልስ ግን ጉዳት አለው። ከዚህ በፊት ጎዳና ላይ የኖረ፣ ወላጁን የቀበረ፣ ሁለት ሦስት ቤት የተገፋ ልጅ ጥሩ ቤት ውስጥም ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያሳደጉት ሰዎች ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ የገዛ ልጆቻቸውም ‹‹እኛ ነን ያባረርነው›› ብለው ይጨነቃሉ። ልጅ የጠፋበት አሳዳጊ ሁሉ ወዲያው ከመዝገብ የሚሰረዝ ከሆነ የሚቀጥለው አሳዳጊ ይደብቃል። ‹‹ማታ ይመጣል›› ብሎ አንድ ቀን ያሳልፋል፤ ልጁ ቅርብ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው ደግሞ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ቅጣትን ፈርቶ የዘገየ ጥቆማ ልጁን ሻሸመኔ ያደርሰዋል።

ስለዚህ መመዘን ያለበት አሳዳጊው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። ስንት ሰዓት ላይ አሳወቀ? ራሱ ወጥቶ ፈለገ? ስለ ልጁ ሲናገር ‹‹ያበላሁት እጄን ነከሰኝ›› ይላል ወይስ ‹‹ምን በላ ይሆን?›› ይላል? የልጁን ልብስ አጥቦ አስቀምጧል ወይስ ለሌላ ሰጥቷል? እነዚህ ነገሮች ከደመወዝ ማረጋገጫና ከቤት ካርታ ይልቅ ይናገራሉ። ልጁ ሲገኝ ደግሞ ብቻውን መጠየቅ አለበት። እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ ከቤት ወይም ከአሳዳጊ ጠፍቶ የተመለሰ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ከአሳዳጊው ነፃ ከሆነ ሰው ጋር እንዲነጋገር ማድረግን የአካባቢ አስተዳደሮች ግዴታ አድርጋለች። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ልጁ የሚያምነው፣ ወላይትኛ የሚናገር፣ በአሳዳጊው ያልተሾመና የማይፈራው አንድ ሰው ይበቃል። መልሱ ‹‹ይመቱኛል›› ከሆነ ያ ቤት ይዘጋ። ‹‹እናቴ ናፈቀችኝ›› ከሆነ ስህተቱ የአሳዳጊው ሳይሆን ልጁን እናቱን እንዲጎበኝ ያላደረገው አሠራር ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራ የሚለው ቀላል አይደለም። ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ብትሆንም የክልሉ ቢሮዎች በበርካታ ከተሞች ተከፋፍለዋል፤ ዞኑም መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲዘገይባቸው የሰነበተበት ነው። የራሱን ደመወዝ የሚጠብቅ ማኅበራዊ ሠራተኛ በእግሩ ዳገት ወጥቶ የጠፋ ልጅ ቤት እንዲጎበኝ መጠየቅ ያሳፍራል። የአደራ ቤተሰብ ሥራ በአብዛኛው የተንጠለጠለው በድርጅቶች የፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ በመላ አገሪቱ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ጀምበር ቆመዋል። ለልጅ የተቆረጠ ወርኃዊ ድጎማ በፕሮጀክት ዘመን መወሰኑ አሳዳጊውንም ልጁንም መጣል ነው፤ መጠኑ ቢያንስም ከመንግሥት በጀት መውጣት አለበት።

ያለ ብዙ ገንዘብ የሚጀመርም አለ። ቀበሌው ልጅ ‹‹ሊያስተምር›› የሚወስድን ሰው ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚኖርበትን ወረዳና ልጁ የሚገባበትን ትምህርት ቤት በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ወላጅም ወሳጅም ይፈርሙ። ትምህርት ቤቱ መሸኛ ሲሰጥ ተቀባዩ ትምህርት ቤት መድረሱን ይጠይቅ። በሶዶ መናኸሪያ በበዓል ሰሞን ብቻውን የሚሳፈር ልጅን የሚጠይቅ ሰው ይቁም፤ ረዳቶቹና ሊስትሮዎቹ ራሳቸው ከማንም በፊት ያውቁታል፣ የሚሰማቸው ካለ ይናገራሉ። ዕድሮችም በጠቅላላ ጉባኤያቸው በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ የአባል ልጅ ከጠፋና ለፖሊስ ከተመዘገበ፣ ለፍለጋ የመሳፈሪያ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ከሣጥኑ እንዲወጣ፣ ሁለት አባላትም ከአባትየው ጋር አብረው እንዲሄዱ፣ የቀሩትም ሴቶች እናትየዋን በየሳምንቱ እንዲጎበኙ፤ ልጁ እስኪገኝ ወይም እናትየዋ ራሷ ‹‹ይብቃ›› እስክትል ድረስ።